ጀልባ ወደ ኋላ ስትነዳ

ጀልባን ወደ ፊት የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ አስተካክሎ የሚመልሳት ግን ጥቂት ነው። ይህ ጉድለት በረጋ ውሃ ላይ ቢያሳፍር እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ በወራጅ ወንዝ ዳር ግን፥ ይልቁንም ሰውና ዕቃ ተጨናንቆ በሚወርድበት በጁባ ወደብ፥ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

በነጭ ዓባይ ላይ ይመላለሱ የነበሩት የጥንት ባለ ሸራ ጀልባዎች የኋላ ማርሽ የሚባለውን ነገር አያውቁትም ነበር። የመሐመድ ዓሊ ሹም ሰሊም ቃፑዳን እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ዛሬ ጁባ ካለችበት አጠገብ እስከ ጎንዶኮሮ ሲዘልቅ ጀልባዎቹን ሽቅብ የገፋቸው የሰሜን ነፋስ ነው፤ ቁልቁል የመለሳቸውም ወንዙ ራሱ ነው። ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን ነጂው የማቆም ሥልጣን ያገኘ መስሎት ሁሉን ነገር በኋላ ማርሽ ላይ ጥሏል። አሳቡ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በሆዷ ውስጥ አንድ ሞተር የተተከለላት ጀልባ፥ ሸራ ያላትም ብትሆን የሌላትም፥ ወደ ኋላ ስትነዳ ቀጥ ብላ አትሄድም። ወደ ፊት ሲነዳ በቀኝ በኩል የሚዞረው የተለመደው ፕሮፔለር ማርሹ ሲለወጥ ወደ ግራ ይዞራል፤ የጀልባይቱንም ኋላ ወደ ግራ ይጎትታል። መሪውም በዚያን ጊዜ አይታዘዝም፤ ፕሮፔለሩ ውሃውን የሚገፋው ወደ ፊት ስለሆነ ጀልባይቱ ፍጥነት እስክታገኝ ድረስ መሪውን የሚመታው ውሃ ጥቂት ነው። ፍጥነት ካገኘች በኋላ ደግሞ ውሃው መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ይታገላል። ሞተሩ ከውጭ በኋላዋ የተሰቀለባት ጀልባ ሞተሩን በማዞር ስለምትመራ ይህ ችግር ይቀልላታል፤ ነገር ግን ጭነት የበዛባት እንደሆነ በኃይል ወደ ኋላ ስትነዳ ውሃው ዝቅ ባለው ኋላዋ ይገባባታል።

እንግዲህ ይህን ይዞ ወደ ጁባ መመልከት ነው። ወንዙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ከተማዪቱ በምዕራቡ ዳር ናት። አስተዋይ ነጂ አፍንጫዋን ወደ ደቡብ አዙሮ፥ ውሃውን ፊት ለፊት ተቀብሎ ይጠጋል። ያን ጊዜ ዳሩ በቀኙ ነው። ለማቆም ብሎ የኋላ ማርሽ አብዝቶ ቢያስገባ የጀልባይቱ ኋላ ወደ ግራ፥ ማለት ወደ ወንዙ መካከል ይወጣል፤ ውሃውም አፍንጫዋን ከዳሩ ጋር ያጋጫል። ማዶ በጉምቦ በኩል ግን በዚሁ አቅጣጫ ቢጠጋ ዳሩ በግራው ስለሆነ ያው ጉተታ ኋላዋን ወደ ዳር ያቀርብለታል። በአንዱ ዳር ጠላት የሆነው በሌላው ዳር ወዳጅ ነው፤ ይህን ያላወቀ ነጂ ግን ጥፋቱን ሁሉ በወንዙ ላይ ያላክካል። በጁባ ዳር ፍሬኑ ወንዙ ራሱ ስለሆነ ሞተሩን ቀስ በቀስ መቀነስ ይበቃል።

ወንዙ ሰፊ ነው፥ ወደ ፊት መንዳት ይበቃል የሚሉ አይጠፉም። በወንዙ መካከል እውነት ነው። ነገር ግን ተሳፋሪ የሚወርደው በመካከል አይደለም፤ በዳር ነው፥ በዚያም ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፥ ልጆች ይዋኛሉ። ከጁባ ወደ ሰሜን በሱድ ረግረግ ደግሞ እንቦጭ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ብዙ ጊዜ የሚፈታው ለአንድ አፍታ ወደ ኋላ በማዞር ነው።

ስለዚህ ሰው ለማሳፈር ፈቃድ የሚጠይቅ ነጂ ሁሉ በቅድሚያ ሊፈተን የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው። ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ጀልባይቱን በገመድ ከዳር አጥብቆ ማሰር፥ የኋላውን ማርሽ ማስገባትና አረፋው በየትኛው ጎን እንደሚበዛ መመልከት ነው፤ ገመዱ ሲፈታ ኋላዋ የሚሄደው ወደ ተቃራኒው ጎን ነው። ቀጥሎ ነጂው ተሳፋሪ ሳይዝ፥ በጠዋት ዳሩ ጭር ባለ ጊዜ፥ አሥር ጊዜ ይጠጋ፤ አሥር ጊዜም ይውጣ።