ቤት ሲሸጥ የኪራይ ውሉም ይቅረብ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚኖርበትን ቤት ገዝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይ የሚሆን ሰው ካርታውን ያያል፣ ዕዳና እገዳ ያጣራል፣ የግብር ደረሰኝ ይጠይቃል። ደግ አደረገ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን ተከራዮች ግን ብዙ ጊዜ ቀርቦ የሚያነጋግራቸው የለም። ደላላው «እነሱን ለእኔ ተዋቸው፣ ባዶ አድርጌ አስረክብሃለሁ» ይላል፤ ሻጩ ዝም ይላል፤ ገዢውም በዚህ ቃል ተማምኖ የዕድሜውን ቁጠባ ያስረክባል። ይህ አሠራር መቆም አለበት።

ሕጉ ለደላላው ተስፋ ቦታ አልሰጠውም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቤት ስለተሸጠ ብቻ ተከራይ በማግስቱ ዕቃውን ይዞ አይወጣም፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። «በውድ ስለገዛሁ ኪራይ ልጨምር» የሚለው ክርክርም አያስኬድም። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው፤ ገዢው ለሻጩ የከፈለው ዋጋ የተከራዩ ዕዳ አይደለም።

አዲሱን አከራይ እንደ ጨካኝ አንቆጥረውም። ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ነው፤ ወይም በአረብ አገር ዓመታት ለፍታ፣ ቤቱን የእርጅና መጦሪያዬ ብላ የገዛች እህታችን ናት። የሚጎዳቸው ሳይነገራቸው የሚቀረው ነገር ነው። ተከራዩ ለቀድሞው ባለቤት የ2 ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፍሏል እንበል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ይህ ነው። አዲሷ ባለቤት ወር ሲሞላ ኪራይ ትጠይቃለች፤ እሱ የባንክ ማስተላለፊያውን ከስልኩ አውጥቶ ያሳያታል፤ የሻጩ ስልክ አይነሳም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱም ተበድለዋል።

የመብራቱም ጉዳይ አለ። በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ለሦስት አባወራ ሲሆን ሒሳቡ የሚከፈለው በአፍ ስምምነት ነው፦ ምጣድ ያለው ይጨምራል፣ ብቻውን የሚኖረው ይቀንሳል። ይህ የትም አልተጻፈም። ባለቤት በተቀየረ በመጀመሪያው ወር ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው በዚህ ነው፤ አዲሱ አከራይም የማያውቀውን ጠብ ሊዳኝ ይቀመጣል። ከሻጩ ጋር ቆጣሪውን አንብቦ ቁጥሩን መጻፍ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ለግድግዳው ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ግድግዳው ውስጥ ለሚያድሩት ሰዎች መጠንቀቅ እንዴት ያቅተናል?

የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም የሚከተለው ነው። ተከራይ ያለበት ቤት ሲሸጥ የተመዘገበው የኪራይ ውል ለውል አረጋጋጩ አካል መቅረብ ይኖርበታል። ሻጭ፣ ገዢና ተከራይ የወር ኪራዩን፣ እስከ መቼ እንደተከፈለ፣ በቅድሚያ የተሰጠውን ገንዘብና የቆጣሪውን ንባብ ጽፈው በጋራ ይፈርሙ። ውሉ ያልተመዘገበ ከሆነ ሻጩ መጀመሪያ ያስመዝግብ። በቅድሚያ የተቀበለውን ኪራይም ከሽያጩ ዋጋ ላይ ለገዢው ያስብለት። የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ይህን የሚያስገድድ መመሪያ ሊያወጣ ይገባል።

ገዢዎች ግን መመሪያውን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የኪራይ ውሉን በዓይናችሁ እዩ፤ ሻጩ ለማሳየት ካንገራገረ ገንዘባችሁን አታውጡ።