ስለ ትምህርት ቤት ማገዶና ስለ ክረምት ውኃ

ትምህርት ቤት ሲሠራ የአገሩ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ካለውም ላይ አንሥቶ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያዋጣል። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ከተመረቀ በኋላ በየቀኑ ስንት እንጨት እንደሚያነድ፥ ውኃውንም ከየት እንደሚያገኝ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ቁርስና ምሳ ይሰጣል፤ ከከተማው ውጭም ይህ ምገባ በብዙ ስፍራ ተዘርግቷል። በራብ ምክንያት ፊደል አልገባው ይል የነበረ ልጅ ጠግቦ እንዲማር መደረጉን የሚነቅፍ አይገኝም። ዳሩ ግን ወጡም እንጀራውም የሚበስለው በእሳት ነውና የእሳቱን ነገር መመርመር ይገባል። በብዙ ትምህርት ቤት ድስቱ የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ጉልቻ ለአንድ ቤተ ሰብ ድስት የተበጀ እንጂ ለብዙ መቶ ሕፃናት ምግብ የታሰበ አይደለም፤ ከሚነደውም እንጨት ሙቀቱ አብዛኛው ለነፋስ ይሆናል፥ ጢሱም በአብሳዮቹ ዓይንና ሳንባ ይቀራል። ጧት ደን መመንጠር አገርን ምድረ በዳ እንደሚያደርግ የተማረ ሕፃን፥ እኩለ ቀን ላይ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ የተከመረውን የወይራ ፍልጥ ባየ ጊዜ ከሁለቱ ትምህርት የትኛውን ይቀበል?

የማገዶ እጥረት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ተቈርጦ በማለቁ የመናገሻውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማይቱ በስፍራዋ የቀረችው ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ስለ ተተከለ መሆኑን ታሪክ አዋቆች ይናገራሉ። ዛሬ ግን ዛፍ በመትከል ብቻ ሳይሆን በማነስ ማንደድም መዳን ይቻላል። ዙሪያው የተዘጋና ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ፥ ይልቁንም ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሠራው ምርጥ የሚባለው ምድጃ፥ የማገዶውን ወጪ እስከ እኩሌታ ድረስ ያቀልላል። ኤሌክትሪክ በደረሰበት ስፍራ፥ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዞች ኃይል የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በእርሱ መጋገር የተሻለ ነው፤ ነገር ግን መብራት የጠፋ ዕለት ልጆቹ ጾም እንዳይውሉ ምድጃውን ማፍረስ አይገባም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር 200 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 200,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚተንነውና የሚፈስሰው አንድ አምስተኛው ቢቀነስ እንኳ 160,000 ሊትር ይቀራል። ይህ ሁሉ ውኃ በአሸንዳ ካልተቀበሉት በግድግዳው ሥር ወርዶ መሠረቱን ይበላል። የጭቃ ቤት በጥቂት ዓመት የሚያዘምመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ እርሱንም ለማቆም ደግሞ ሌላ እንጨት ይቈረጣል። ችግሩ ዝናሙ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ፥ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፊ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል፤ 50,000 ሊትር የሚይዝ ቢሆን 500 ልጆች በየቀኑ አንድ አንድ ሊትር ቢያወጡለት 100 የትምህርት ቀን ያደርሳል። አሸንዳውም ተማሪው ሳይበተን በሰኔ ይጠረግ፤ አቧራና የወፍ ኩስ የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናም ወደ ማጠራቀሚያው አይግባ።

ችግኝም የሚተከለው በዚያው በክረምት ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ብዙ ተተክሏል። ነገር ግን ችግኝ የሚሞተው በተተከለበት ወር ሳይሆን በጥርና በየካቲት ፀሐይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ተማሪው ሁሉ በግቢው አለ። እጅ የታጠበበት ውኃ ለችግኝ ቢደርስ፥ ለየክፍሉም አንድ አንድ ተራ ቢሰጠው፥ ዘበኛ መቅጠር አያሻም ነበር። ከብትን ስለ መከልከል ከካህናት የሚማሩት አለ፤ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በዐጸዳቸው ያለውን ጥንታዊ ደን ከብት እንዳይገባበት በድንጋይ ካብ አጥረውታል፤ በካቡም ውስጥ የዝግባና የወይራ ቡቃያ ይበቅላል። የደብር አለቆችም ለጎረቤት ትምህርት ቤት ዘር ቢሰጡና የካብ አሠራሩን ቢያሳዩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ይህ ሁሉ የሚዘገየው በዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብ አያያዝም ነው። የምድጃና የማጠራቀሚያ ዋጋ በአንድ ጊዜ ስለሚታይ ብዙ ይመስላል፤ ጸሓፊውም «በጀት የለም» ብሎ ይመልሰዋል። የእንጨቱ ዋጋ ግን በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ፥ ከሽሮና ከዘይት ጋራ ተደባልቆ ስለሚወጣ የሚቈጥረው የለም። ስለዚህ ርእሳነ መምህራን በሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጉ የዓመቱን ማገዶ በጭነት ቈጥረው፥ ዋጋውንም ለብቻው ጽፈው ለወረዳው ትምህርት ሹም ያቅርቡ፤ ሹሙም የምድጃውን ዋጋ ከዚያ አጠገብ አስጽፎ ይፈርምበት።