ጥንቸል እንዴት ባሕር ትሻገር?

ነገሩ የጀመረው በስም ነው። «አቢሲኒያን» የሚል ቃል ያየንበት ቦታ ሁሉ ዓይናችን ቆም ይላል፤ ምን ይደረግ፣ የአገር ልጅ ይመስለናላ! ሰሞኑን ግን ቃሉን ተከትለን ሄደን ሄደን ያገኘናት አንዲት ጊኒ ፒግ ናት። ፀጉሯ እንደ ጽጌረዳ እየተጠቀለለ ይቆማል። ምርጥ የምትባለው ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ጽጌረዳዎችን በሰውነቷ ላይ በሥርዓት የደረደረችው ናት። ዳኛ ፊት ጠረጴዛ ላይ ትቀርባለች፣ ትገላበጣለች፣ ነጥብ ይሰጣታል። ስሟ አቢሲኒያን ይሁን እንጂ ዘሯ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነው። ስማችንን ተዋሰች እንጂ ዘመዳችን አይደለችም።

ዘመድ ባትሆንም ጉዳይዋ ያዘን። ለውድድር የሚቀርቡ ጥንቸሎች፣ ጊኒ ፒጎችና የጌጥ ዶሮዎች ከደሴት ወደ ደሴት በአውሮፕላን የሚሄዱበትን ጣጣ ማንበብ ጀምረን ማቆም አቃተን። ከመካከላችን አንዱ «የባሕር በር የሌለው አገር ልጆች ስለ ደሴት ጥንቸል ሊጽፉ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብሎ ሳቀብን። ይሳቅ። ትንሽ ፍጡር ትልቅ ሥርዓት ውስጥ ስትገባ ምን እንደሚደርስባት ማየት የትም አገር ቢሆን ቁም ነገር ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ሃዋይ እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሃዋይ ስምንት ዋና ዋና ደሴቶች አሏት። ከኦዋሁ ወደ ማዊ ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ከአርባ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በእኛ ልክ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽ ከመድረስ ያነሰ መንገድ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በመካከሉ ያለው ባሕር መሆኑ ነው። ጥንቸሏን በመኪናው የኋላ ወንበር አስቀምጦ፣ ሲሞቃት መስኮት ከፍቶ፣ ሲጠማት ውኃ አጠጥቶ የሚወስዳት ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ግን ነበረ። በ2007 ሱፐርፌሪ የተባለ መኪና የሚጭን ፈጣን መርከብ በኦዋሁና በማዊ መካከል ሥራ ጀመረ። ሰው መኪናውን ከነጓዙ ይዞ መሻገር ቻለ። ነገር ግን መርከቡ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ሳይጠና ነበር የተፈቀደለት። በካዋይ ደሴት ሰዎች ባሕር ውስጥ ገብተው መንገድ ዘጉበት፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በማርች 2009 አገልግሎቱ ቆመ። አሎሃ አየር መንገድ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በማርች 2008 መንገደኛ ማጓጓዙን አቁሞ ነበር። በሞሎካይና በማዊ መካከል ይመላለስ የነበረው ጀልባም በ2016 ቀረ። ወደ ሞሎካይና ወደ ላናይ ይበር የነበረው ኦሃና የተባለው የአነስተኛ አውሮፕላን አገልግሎት በ2021 አበቃ። በዚህ ሁሉ ላይ እነዚህ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች በአብዛኛው ዘጠኝ መንገደኛ በምትይዝ አውሮፕላን ላይ ጥገኛ ሆኑ። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ሻንጣ፣ ከዚያ ደግሞ የጥንቸል ሳጥን! ቦታ ከጠበበ ማን እንደሚቀር መገመት አያቅትም።

ከአውሮፕላን ውጪ በአብዛኛው የቀረው አማራጭ በደሴቶቹ መካከል ጭነት የሚያመላልሰው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ነው። ለበሬና ለፈረስ ይሆናል። ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት ለምትቀርብ ጥንቸል ግን በባሕር ላይ ከኮንቴይነር ጋር ማደር ደህና ጉዞ አይደለም።

ለመሆኑ ጥንቸል ስትጓዝ ምን ትሆናለች? አታልብም። ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በረጃጅም ጆሮዎቿ ነው። ስትደነግጥ መብላት ታቆማለች፤ መብላት ስታቆም አንጀቷ ሥራውን ያቆማል፤ ይህ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ባትሞትም እንኳ ክብደቷ ይቀንሳል፣ ፀጉሯ ይጎሳቆላል። በውድድር ሕግ ለእያንዳንዱ ዝርያ የተወሰነ የክብደት ልክ አለ። አንድ ጥፍሯ በሳጥኑ ሽቦ ተይዞ ቢነቀል ከውድድር ውጪ ናት። ስለዚህ ባለቤቷ የሚጨነቀው በሕይወት ትደርሳለች ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን እንደተነሳች ትደርሳለች ወይ ብሎም ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስትመገብና ስትበጠር የኖረች እንስሳ በአርባ ደቂቃ ልትበላሽ ትችላለች።

አደጋው ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ሰማይ ላይ አይደለም፤ በአብዛኛው መሬት ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ጥንቸል ወደ አውሮፕላኑ ስትወሰድም ሆነ ከአውሮፕላኑ ስትመለስ ከ29.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ከ45 ደቂቃ በላይ እንዳትቆይ ይከለክላል። ደግ ደንብ ነው። ነገር ግን በኦገስት የሆኖሉሉ የቀን ሙቀት 31 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያውም በጥላ። አስፋልቱ ላይ ስንት እንደሚሆን አስቡት። በረራው ሃያ ደቂቃ ዘገየ፣ ጋሪው ፀሐይ ላይ ቆመ ማለት ደንቡ ሊጣስ ይችላል ማለት ነው። አየር መንገዱም ይህንን ስለሚያውቅ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፦ «አንቀበልም።»

ታዲያ ለምን መንገደኞች ክፍል ውስጥ ከወንበር ሥር አትቀመጥም? ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ አየር መንገድ ውሻና ድመት ብቻ ነው የምፈቅደው ይላል። ሌላው ጥንቸልን ከላይ ይፈቅዳል፣ ጊኒ ፒግን ግን ከእቃ ጋር ከታች ካልሆነ አይሆንም ይላል። ሁለት ኪሎ የማትሞላ፣ የማትጮህ፣ የማትናከስ እንስሳ ተከልክላ የሚጮኽ ውሻ የሚፈቀድበትን ምክንያት ፈልገን አላገኘንም። ልማድ ነው እንጂ ስሌት አይመስለንም።

ነገሩን ያባባሰ ሌላ ታሪክም አለ። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ «የስሜት ደጋፊ» የተባሉ እንስሳት ያለ ክፍያ ከባለቤታቸው ጋር ይሳፈሩ ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ያስፈልገው ነበር፤ አንዳንዱ ግን ክፍያ ለመሸሽ ብቻ ወረቀት ያሠራ ነበር። በ2018 ጣዎስ ይዛ ልትሳፈር የሞከረች መንገደኛ የዓለም መነጋገሪያ ሆነች። በመጨረሻም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 መጨረሻ ደንቡን ለወጠ፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አየር መንገዶች እነዚህን እንስሳት እንደ ማንኛውም የቤት እንስሳ መቁጠር ተፈቀደላቸው። ለውጡ አያስወቅስም። ነገር ግን በሩ ሲጠብ በሐቅ ከፍላ ልትሄድ የምትፈልገው ጥንቸልም ተያይዛ ቀረች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።

ጋዜጠኝነት የተማርን እንደመሆናችን ግን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠን የቁጥሩ ነገር ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች በጉዞ ላይ የሞተ፣ የተጎዳ ወይም የጠፋ እንስሳን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ከ2015 ወዲህ ግዴታው ለሽያጭ የሚላኩ ውሾችንና ድመቶችንም ይጨምራል። ጥንቸልስ? በቤት ውስጥ የምታድር የቤተሰብ እንስሳ ከሆነች ትቆጠራለች። አርቢ ለሽያጭ ወይም ለውድድር የሚልካት ከሆነች ግን ውሻም ድመትም ስላልሆነች በቀላሉ ከመዝገቡ ውጪ ትቀራለች። ይባስ ብሎ ግዴታው የሚመለከተው ከ60 ወንበር በላይ የሆነ አውሮፕላን ያላቸውን ድርጅቶች ነው። ባለ ዘጠኝ ወንበሯ አውሮፕላን የለችበትም። እንግዲህ «ይህን ያህል ችግር የለም፤ ሪፖርቱን ተመልከቱ» ቢሉን ምን እንመልሳለን? ያልተቆጠረ አልሞተም ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ ሚዛኑን በሌላ በኩል እንየው፤ ደሴቶቹ የሚፈሩበት ምክንያት አላቸውና።

ላይሳን በምትባል የሃዋይ ትንሽ ደሴት በ1903 ጥንቸል ገባ። ተራባ፣ ሣር ቅጠሉን ጨረሰ። በ1923 ጥንቸሎቹ ተጠራርገው እስኪጠፉ ድረስ ደሴቷ አሸዋ ብቻ ቀርቷት፣ ሦስት የየብስ ወፍ ዓይነቶች ከእሷ ላይ ጠፍተው ነበር። በ1883 ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች አይጥ ያጠፋልናል ብለው ሞንጉስ የተባለውን አውሬ አስገቡ። አይጡ አልጠፋም፤ ሞንጉሱ ግን መሬት ላይ የሚፈለፈሉ ወፎችን እንቁላል በላ። ዛሬም ካዋይና ላናይ ሞንጉስ እንዳይሰፍርባቸው የሚጠብቁት ባሕሩ ስለጋረዳቸው ነው።

በሽታም አለ። ጥንቸልን በድንገት የሚገድል የደም መፍሰስ ቫይረስ በኦገስት 2022 በማዊ ታየ። ይህ ቫይረስ ጠንካራ ነው፤ በልብስ፣ በጫማ፣ በሳጥን ላይ ተጣብቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የወፍ ጉንፋን በኦዋሁ በአንድ የጓሮ መንጋ ውስጥ ተገኘ። ኤግዚቢሽን ማለት ከየቦታው የመጡ እንስሳት ጎን ለጎን የሚያድሩበት፣ የአንድ ዳኛ እጅ ሁሉንም የሚነካበት ቦታ ነው። ለቫይረስ ከዚህ የተሻለ ሠርግ ቤት የለም።

ስለዚህ «በሩን ክፈቱት» አንልም። የምንለው «በሩ ላይ የሚያስተውል ሰው አቁሙ» ነው። በሽታን በመፍራት የሚደረግ ክልከላና ጣጣን በመፍራት የሚደረግ ክልከላ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሐኪም ምርመራና በክትባት ይመለሳል፤ ለጥንቸሉ ቫይረስ በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደ ክትባት አለ። ሁለተኛው ግን ጤነኛዋን ከታማሚዋ አይለይም፤ ሁሉንም ደጅ ያስቀራል።

አንዳንዶች «እንስሳው ከሚሄድ ዳኛው ይሂድ» ይላሉ። እኛም ደስ ብሎን ነበር። አርባ ጥንቸል ከማብረር አንድ ሰው ማብረር ይቀላል፣ ለጥንቸሎቹም እረፍት ነው። ግን መፍትሔው ግማሽ ነው። ዳኛው ይመጣል፤ አዲስ ደም ግን አይመጣም። በትንሽ ደሴት ላይ ያሉ ጥቂት ጥንቸሎች እርስ በርሳቸው ብቻ ሲዳቀሉ ከኖሩ ዘሩ ይደክማል። ሞሎካይ ላይ ጥንቸል የምታረባ ልጅም የጎረቤቷን ጥንቸል ብቻ እያየች «የእኔ ጥሩ ናት» ብላ ትኖራለች። ከሌላው ጋር ሳይተያዩ ማደግ ለሰውም ለጥንቸልም አይበጅም።

እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በደሴቶቹ መካከል የሚበሩ ድርጅቶች ትንንሽ እንስሳትን በተመለከተ አንድ ዓይነት፣ በግልጽ የተጻፈ ደንብ ይኑራቸው፤ ባለቤቱ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይወቀው እንጂ መፈተሻው በር ላይ አይስማው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ በረራ ከወንበር ሥር የሚገባ ሳጥን ውስጥ ያለች፣ የሐኪም ወረቀትና ክትባት ያላት ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ ከባለቤቷ ጋር ትቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከታች መሄድ ግድ ከሆነ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳው በረራ ብቻ ይሁን። አራተኛ፣ የሞተው ሁሉ ይቆጠር፤ የማንም ይሁን፣ በምንም አውሮፕላን ይሂድ።

ይህን ስንጽፍ በበዓል ዋዜማ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ የምትሄደው የእኛዋ ዶሮ ትዝ አለችን። እሷን እያየን ዝም ብለን ስለ ሃዋይ ጥንቸል መጻፋችን ያሳፍር ይሆን? ትንሽ ያሳፍራል። ግን ከሩቅ ያየነው ነገር የቅርቡን እንድናይ ካደረገን ድካማችን ከንቱ አልቀረም። ስማችንን የተዋሰችው ያቺ ጊኒ ፒግ የስሙን ኪራይ ከፈለችን ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።