ሰው የሌለበት ከተማ

አዲስ አበባን ከእንጦጦ ላይ ሆነህ ፎቶግራፍ ስታነሳ ምን ይታይሃል? በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ዙሪያውንም መስታወት በመስታወት። ሰውስ የት አለ?

ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1838 ከፎቅ መስኮት ሆኖ የፓሪስን ቡልቫር ዱ ታምፕል አነሳ። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት ነበር። ይሁንና መሣሪያው ምስሉን ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ። የቀረው ባለበት ቆሞ ጫማውን ያስጠርግ የነበረ ሰው ነው፤ ጠራጊውም ደብዘዝ ብሎ ከእግሩ ሥር ይታያል።

የዳጌር መሣሪያ አቅም አጥቶ ነው። ያንተ ስልክ ግን በዓይን ቅጽበት ሁሉን ይቀርጻል! ታዲያ ሊስትሮውን ከፎቶው የምታስወጣው ምን ቸግሮህ ነው? «መልኳን ያበላሻል» ትለኛለህ። ወዳጄ፣ የባንኩን ደረጃ የሚወጣውን ጫማ ማን የጠረገው መሰለህ?

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የድሮ ፎቶዎቼን አገላበጥኩ። ሕንፃ አለ፣ አደባባይ አለ፤ ለዓመታት ሻይ የቀዳችልኝ ሴት ግን በአንዱም ላይ የለችም። የት እንደሄደችም አላውቅም።

ሰውን ሳታስፈቅድ አንሳ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በል፤ ድህነቱን ሰርቆ ማሳየትማ የባሰ ነውር ነው። ሰላም በለው፣ ስሙን ጠይቀው፣ ከፈቀደ አንሳው። እንቢ ካለህም ጫማህን አስጠርገህ፣ ሒሳቡን ከፍለህ ሂድ።