ፍርድ ቤትን መድፈር፡ ትርጉሙና የሚያስከትለው ውጤት

ፍርድ ቤትን መድፈር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዳኛን መስደብ ወይም ችሎት ማወክ ነው። በርግጥም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 449፣ በክርክር ወይም በምርመራ ወቅት ፍርድ ቤቱን ወይም ሥራውን በማከናወን ላይ ያለን ዳኛ የሰደበ፣ ያፌዘበት፣ የዛተበት ወይም ያወከ ሰው ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ3 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወዲያውኑ ተመልክቶ ቅጣት ሊወስን ይችላል።

ይሁንና የድርጊቱ ከባዱ ገጽታ የፍርድ ቤትን ትእዛዝ አለማክበር ነው። የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በጥር 2021 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ሙስናን በሚያጣራው ኮሚሽን ፊት ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ አዘዘ። ዙማ ሳይቀርቡ በመቅረታቸው ፍርድ ቤቱ በሰኔ 29 ቀን 2021 የ15 ወራት እስራት ወሰነባቸው። በሐምሌ ወር መታሰራቸውን ተከትሎ በተቀሰቀሰው ሁከት ከ300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ዙማ ከሁለት ወራት በኋላ በሕመም ምክንያት በአመክሮ እንዲፈቱ የማረሚያ ቤቶች ኃላፊ ወሰኑ። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 ውሳኔው ሕገ ወጥ እንደነበር አረጋግጧል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የፍርድ ክብር በዳኛው ብቻ ሳይሆን ፍርዱን በሚያስፈጽመው ባለሥልጣን እጅም ጭምር መሆኑን ነው።

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን ተጽእኖ ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። ነፃነቱ ትርጉም የሚኖረው ትእዛዙ በመሥሪያ ቤቶች ተግባራዊ ሲሆን ነው። በፍርዱ ቅር የተሰኘ ተቋም ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸሙን ስለማያስቆም የእግድ ትእዛዝ ማግኘት ይኖርበታል። ከዚህ ውጭ ትእዛዙን በመሳቢያ ማቆየት መብት አይደለም።

በችሎት የተሰነዘረ ስድብ በዕለቱ በሚወሰድ እርምጃ ሊታረም ይችላል። ያልተፈጸመ ፍርድ ግን መብቱ የተረጋገጠለትን ዜጋ ከቢሮ ወደ ቢሮ ያመላልሳል፤ በሕግ የበላይነት ላይ ያለውንም እምነት ይሸረሽራል።