«አላየሁህም» እንዳይባል

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሀዋሳ። መብራት ጠፍቷል። («መቼስ በርቶ ያውቃል?» እንዳትሉኝ፤ አንዳንዴ ይበራል።) እኔ በብስክሌቴ ወደ ቤቴ፣ ባጃጁ ደግሞ ከኋላዬ። ቀጥሎ የማስታውሰው ቦይ ውስጥ ተጋድሜ ኮከብ ስቆጥር ነው። ባለባጃጁ ዘሎ ወርዶ እየተንቀጠቀጠ «ወንድሜ፣ እናቴ ትሙት፣ አላየሁህም!» አለኝ።

አመንኩት። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ በዚያ ላይ ጨለማ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላየውም ነበር።

ክርኔ ተላጠ፣ የኋላ ጎማዬ ስምንት ቁጥር ሆነ፣ ነፍሴ ግን ተረፈች። ሰው ሁሉ እንዲህ አይቀናውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ «ለምን ከሩቅ የሚታይ የብስክሌተኛ ቦርሳ አንሰፋም?» ያልነው ከዚያ ምሽት በኋላ ነው። ዕቃው እንደሆነ ደጃችን ላይ ነው። ለምርቃትና ለስብሰባ የሚሰቀለው የፕላስቲክ ባነር በማግስቱ ቆሻሻ ነው። ጎሚስታው በር ላይ ደግሞ ከመለጠፍ ያለፈ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ተቆልሏል። ሁለቱም ውሃ አያስገቡም። አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የስፌት ማሽን፣ ሦስት ሥራ ፈላጊ። ካፒታላችን ይኸው ነው።

ጠብ የተነሳው ግን ቦርሳው ሳይሰፋ ነው። አንደኛው ጓደኛዬ «ከቆሻሻ የተሠራ መሆኑን በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ጽፈን እናንጠልጥልበት፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ላሉት ሆቴሎች እናስረክብ፣ ፈረንጅ ይሻማበታል» አለ። እኔ ደግሞ «ቦርሳው በጨለማ ዳቦ ለሚያመላልሰው ልጅ ካልሆነ ባይሰፋስ?» አልኩ። ሦስተኛው ቡናውን እየጠጣ ዝም።

እስቲ አስቡት፣ ጎማን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ለእኛ ምኑ አዲስ ነው? በረባሶ ስንት ዘመን ተጫምተናል? መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ የተጣለ የሚባል ነገር የለም፣ ቆርቆሮው ምድጃ፣ በርሜሉ ሌላ ነገር ይሆናል። ቤተልሔም ጥላሁን ደግሞ ያንን የበረባሶ ጥበብ ይዛ ሶልሬብልስ በሚባል ጫማ ዓለም ገበያ ገብታበታለች። ስለዚህ «ከቆሻሻ ሠራነው» ማለት ብቻውን ወሬ እንጂ ሥራ አይደለም።

በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ማርከስና ዳንኤል ፍራይታግ የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ ሰፉ። ማንገቻው የመኪና ቀበቶ፣ ጠርዙ የብስክሌት የውስጥ ጎማ። ዛሬ ስማቸው የታወቀ ነው። ሰዎቹ የግራፊክስ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የተነሱት ግን በዝናብ ሥራቸውን የማያረጥብ ጠንካራ ቦርሳ ፈልገው ነው። ችግሩ ቀደመ፣ አሮጌው ሸራ ተከተለ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ አሮጌ ዕቃ ይዘን ችግር ፍለጋ እንወጣለን።

የእኛ ችግር ደግሞ ዝናብ ብቻ ሳይሆን አለመታየትም ነው። የመጀመሪያውን ቦርሳ ስንሰፋ ይህን በቅጡ አልተረዳነውም ነበር። ደማቅ ቢጫ ጨርቅ ለጠፍንበት። ቀን ላይ ዓይን ያጠፋል! ማታ አውጥተን በመኪና መብራት ስናየው ግን ሙትት። ለካስ ያ ደማቅ ቀለም የሚደምቀው በፀሐይ ብርሃን ነው። ለጨለማ የሚያስፈልገው ትራፊክ ፖሊሶች ሰደርያ ላይ ያለው ብርማ ጥብጣብ ነው። እሱ ላይ ያሉት ደቃቅ የመስታወት ፍሬዎች ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ሳይበትኑ ወደመጣበት፣ ማለትም ወደ መኪናው መብራትና ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሱታል። ገበያ ላይ ግን ብር የሚመስል ተራ ፕላስቲክም ሞልቷል። ሳትገዙ በሞባይላችሁ ፍላሽ አብርታችሁ ፎቶ አንሱት፤ እውነተኛው ፎቶው ላይ ቦግ ይላል።

ቦታውም ወሳኝ ነው። እኛ ጥብጣቡን ክዳኑ አናት ላይ ሰፋነው። ብስክሌተኛ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ አናቱ የሚታየው ለሰማይ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ጀርባው አወረድነው። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለውም ዞሮ ጎን ላይ ስለሚያርፍ በሁለት ማንገቻ ቀየርነው። በአውስትራሊያ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ደግሞ በጨለማ ሾፌር ብስክሌተኛን በደንብ የሚለየው ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንፀባራቂ ሲኖር ነው፤ ፔዳል ሲመታ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላላ። ስለዚህ ከቦርሳው የተረፈውን ቁራጭ የእግር ማሰሪያ አድርገን በነፃ መስጠት አለብን ባይ ነኝ። የጀርባ ቦርሳ የእግርን ሥራ አይሠራም፣ የኋላ መብራትንም አይተካም። ይህን ለገዢ የማይናገር ነጋዴ ሌባ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ካያችሁ 28 ሜትር ሸመታችሁ ማለት ነው።

«ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውም ቢሆን በካርድ አይመጣም። ባነሩ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ መርፌ የበሳው ቦታም ይተረተራል፤ ስለዚህ ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ መሆን አለበት። ሦስት ወር የማይቆይ ቦርሳ ቆሻሻን በቀጠሮ መጣል ነው። ባነሩ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ስለሆነ ቁርጥራጩን ከጓሮ ማቃጠል መርዛማ ጭስ መልቀቅ ነው። ከጓሮ እያጨሱ «አረንጓዴ ነን» ማለት ያሳፍራል።

«ታዲያ ዳቦ አመላላሹ በምን አቅሙ ይገዛል?» አለኝ ያ ጓደኛዬ። ጥያቄው ልክ ነው። ነፃ ያልነው ጎማም ነፃ አልነበረም። ማጋዣ አለው፣ ማጠቢያ አለው፣ ተራው ማሽን ስለማይበሳው ቆዳ ሰፊ ጋ መክፈል አለ። ከሁሉ የሚወደደው ደግሞ ጥብጣቡ ነው፤ እሱ ላይ ከቆጠብን ግን ተራ ቦርሳ ሰፊዎች ነን። የእኔ መልስ ገዢውን መቀየር ነው። ልጁን ሳይሆን ዳቦ ቤቱን እንጠይቅ። በእሱ ዳቦ ሳጥን ላይ የሚጠለቅ አንፀባራቂ መሸፈኛ እንስፋ፣ በዱቤም ቢሆን። ልጁ ከተገጨ ዳቦውም አብሮ ይደፋልና ባለቤቱ ይገባዋል።

አንዳንዱ ደግሞ «ጥፋቱን በብስክሌተኛው ላይ ልትጭኑ ነው?» ይለናል። አይደለም። የመንገድ መብራትና የብስክሌት መስመር የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ሾፌርም ቀስ ብሎ የመንዳት ግዴታ አለበት። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2024 በጀመረችው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ሠርታለች፣ ይበል ነው። ግን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ዛሬ ማታም ሰው ወደ ቤቱ ይገባል።

በመጨረሻ ታረቅን። ዝም ብሎ ቡናውን ሲጠጣ የነበረው ሦስተኛው ነው ያስታረቀን። «ለሆቴሉም እንስፋ፣ ገንዘቡ ያስፈልገናል። ግን ሁለት ዓይነት ቦርሳ አይኖርም፤ ፈረንጁም ዳቦ አመላላሹም ያው ጥብጣብ፣ ያው ስፌት» አለ። እኔም እሺ አልኩ፣ ካርዱም ይንጠልጠል። አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኩ፤ ማንኛውም ቦርሳ ከመሸጡ በፊት ማታ አንዳችን አዝለነው ጨለማ መንገድ ላይ መቶ እርምጃ እንርቃለን፣ ሌላው የመኪና መብራት ያበራል። ካልታየ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

እናንተም በዚህ ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ከስሙና ከዓርማው በፊት ይህችን ፈተና አስቀድሙ። ያን ባለባጃጅ ካገኘሁት ደግሞ አንዱን ቦርሳ አዝዬ ፊት ለፊቱ እነዳለሁ። እስቲ አሁንስ «አላየሁህም» ይበለኝ!