ክሬዲቱን ማን ይረከባል?

የቤተሰብ ማዕዘን



በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የተጻፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ጸሐፊዋ በዚሁ በረጃፍ አካባቢ በግዳጅ ላይ የሚገኙ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። ጉዳዩ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለአቅመ ኮሌጅ የተቃረበ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ጉዳይ መስሎ ስለታየን፣ ስማቸውን ትተን ፍሬ ነገሩን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

«ልጃችን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሲያትል የምትኖረው የባለቤቴ እኅት፣ ልጇ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ የኮሌጅ ክሬዲት እየሰበሰበ መሆኑን በስልክ ከነገረችን ወዲህ የቤታችን ወሬ ሌላ ሆኗል። በከተማችንም አንድ ማሠልጠኛ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ‹የኮሌጅ ክሬዲት የሚያስገኝ ትምህርት› እሰጣለሁ እያለ ይመዘግባል። ባለቤቴ ለቤታችን ጣሪያ ካጠራቀምነው ገንዘብ ተነሥቶ ይከፈል ይላል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልጅቷን ብጠይቃት፣ ‹እማዬ፣ እኔን የቸገረኝ ሒሳብ ነው፤ ይህን ስማር ለፈተናው መቼ አጠናለሁ?› አለችኝ። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እኅታችን ሆይ፣ በመጀመሪያ የሲያትሏ እኅት የነገሩዎት እውነት መሆኑን እናረጋግጥልዎ። በአሜሪካ ይህ አሠራር የቆየና የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «አድቫንስድ ፕሌስመንት» በሚባለው መርሐ ግብር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከፍ ያለ ትምህርት ተምረው በዓመቱ መጨረሻ ይፈተናሉ፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1990 «ራኒንግ ስታርት» የተባለውን አሠራር ደነገገ። በዚህም መሠረት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቅ በአካባቢው ኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል፤ ኮርሱም በአንድ በኩል ለሁለተኛ ደረጃው፣ በሌላ በኩል ለኮሌጁ ይቆጠርለታል። በዚያ ሀገር የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ቤተሰብ፣ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

ነገር ግን በዚያም ሀገር ቢሆን የተሰበሰበው ክሬዲት ሁሉ በየዩኒቨርሲቲው አይቆጠርም። በአድቫንስድ ፕሌስመንት ፈተና 3 ያመጣውን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ 4 ወይም 5 ካልሆነ የማይል አለ፤ ጭራሹንም የማይቆጥር አለ። በክፍለ ግዛቱ ውስጥ የተከበረ ክሬዲት ድንበር ሲሻገር ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ለምን ቢሉ፣ ክሬዲት ማለት በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ያለ የመተማመን ውል እንጂ በራሱ የሚቆም ሀብት አይደለምና ነው።

ባለቤትዎ ጧት ማታ የሚያዩት የረጃፍ ሾጣጣ ኮረብታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በቀድሞ ዘመን ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይን ሽቅብ የሚጓዙት የወንዝ መርከቦች ጉዟቸውን የሚጨርሱት በዚህ አካባቢ ነበር፤ ከዚህ በላይ ወንዙ ድንጋያማና ወራጁ ፈጣን ነውና። ከዚህ በኋላ ጭነቱ ወርዶ፣ ሌላ ተሸካሚ ተረክቦት በየብስ ይቀጥላል። ተረካቢ ከሌለ ግን ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ወደቡ ላይ ይቀራል። ክሬዲትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ያህል ልጫን?» ሳይሆን «ማን ይረከበኛል?» የሚለው መሆን አለበት።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ከዩኒቨርሲቲ ጋር የማቀራረብ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሥሩ የበእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነበረው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዝ ተማሪዎች 12ኛ ክፍልን እዚያ ይማሩ ነበር። የሚያገኙት ጥቅም ክሬዲት ሳይሆን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ጠንካራ መሠረት መያዛቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኮሌጅን የመጀመሪያ ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የማውረድ ሙከራ በመላው ሀገሪቱ ተካሂዷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባሉ። ቀደም ሲል በዩኒቨርሲቲ «ፍሬሽማን» ይባል የነበረው ዓመት ቀርቶ ትምህርቱ በእነዚህ ሁለት ክፍሎች እንዲሸፈን ተደረገ፤ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮችም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረዱ። በወረቀት ላይ ሲታይ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ዓመት ያተረፈ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት ወደ ታች ማውረድ የዩኒቨርሲቲውን መምህር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት አብሮ ማውረድ አልነበረም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በየክፍሉ የተተከለው፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» ብለን የምናስታውሰው የቴሌቪዥን ትምህርት ክፍተቱን እንዲሞላ ታስቦ ነበር። በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ግን፣ በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪው እጁን ሲያወጣ አያይም፤ «አልገባኝም» ሲለውም አይሰማም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ከዚያ ሥርዓት ብዙ ብቁ ባለሙያዎች መውጣታቸው አይካድም። ነገር ግን የትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት ከተካሄደ በኋላ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል። ወደ ታች የወረደው ዓመት ከ18 ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ለጥያቄዎ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ዛሬ በሀገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን የሚወስደው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ከተመደበ በኋላ ነው። ጠባቡ በር ፈተናው ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። በር ላይ የሚቆም ልጅ በእጁ የያዘው የማሠልጠኛ ወረቀት በሩን አይከፍትለትም።

ስለሆነም ምክራችን እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለማሠልጠኛው አንድ ብር ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፦ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኙትን የዕውቅና ፈቃድ፣ ክሬዲቱን የሚቀበለውን ዩኒቨርሲቲ ስምና የስምምነት ደብዳቤ፣ እንዲሁም 12ኛ ክፍል ያልጨረሰ ተማሪ የሚመዘገብበትን ደንብ። ሦስቱን ማሳየት ካልቻሉ ተረካቢ የሌለው ጭነት ነውና ገንዘብዎን ይያዙ። በቃል የሚሰጥ ማረጋገጫ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ልጅቷ እናንተ ሁለታችሁም ያላያችሁትን አይታለች። የቸገራት ሒሳብ መሆኑን በራሷ አንደበት ተናግራለች። የሒሳብ ድካም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከታችኞቹ ክፍሎች ስለሆነ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፎቿን አውጥታ ከተሰናከለችበት ምዕራፍ እንድትጀምር ያድርጉ። ገንዘብ ማውጣት የግድ ከሆነ፣ «አልገባኝም» ስትል ቆም ብሎ ለሚያስረዳት አንድ ጥሩ የሒሳብ መምህር ይውጣ። ከጣሪያውም ብዙ ቆርቆሮ አይቀነስም።

ሦስተኛ፣ ፈተናውን ከጨረሰች በኋላ ውጤት እስኪመጣ ያለው ጊዜ በከንቱ አይለፍ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚማሩባቸው የእንግሊዝኛ፣ የሎጂክና የሒሳብ ሞጁሎች አሉ፤ ባለፈው ዓመት ከገባ የጎረቤት ልጅ ተውሳ ታንብባቸው። ይህ ንባብ በማንም መዝገብ ላይ ክሬዲት ሆኖ አይጻፍላትም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ብዙ ባልደረቦቿ የሚደናገጡበትን የመጀመሪያ ወር እሷ በተረጋጋ መንፈስ ታልፈዋለች።

ለአሥር አለቃም አንድ ቃል አለን። ለልጅዎ መልካሙን መመኘትዎ፣ ለዚህም የላብዎን ፍሬ አልሰስትም ማለትዎ የሚያስመሰግን ነው። የእኅትዎ ልጅ የሚሰበስበው ክሬዲትም እውነተኛ ነው፤ ተረካቢው በሕግ የታወቀ ነውና። ልጅዎ እዚህ የሚያስፈልጋት ግን ሌላ ነው። ከግዳጅ መልስ ስልክ በሚደውሉበት ቀን «ስንተኛ ወጣሽ?» ከሚሏት ይልቅ «በዚህ ሳምንት ያሸነፈሽ ጥያቄ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቋት። መልሱን ባያውቁት አያፍሩ፤ እሷ ለእርስዎ ለማስረዳት ስትሞክር በዚያው ትማራለችና።

በመጨረሻ፣ ስለ ቆማችሁበት ቦታ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 በዚሁ በረጃፍ አንድ የቋንቋ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ጉባኤው የመከረው የደቡብ ሱዳን ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት በየትኞቹ የአካባቢ ቋንቋዎች ይማሩ በሚለው ላይ ሲሆን፣ ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ላቱካና ዛንዴ ተመርጠዋል። የጉባኤው ውሳኔ በታሪክ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተነሣው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር፦ ልጁ በሚገባው ነገር ይጀምር። የእናንተም ልጅ ይህንኑ ነው ያለቻችሁ፤ ስሟት።

እኅታችን፣ ልብዎ ያልተቀበለው በምክንያት ነው። ጣሪያውን ይምቱ፤ ሒሳቡንም ያስጠኑ። የፈተናዋ ውጤት በታወቀ ጊዜ ደግሞ ለዚህ ማዕዘን መጻፍዎን አይርሱ።

ውድ አንባቢያን፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።